የመስኮት መዝጊያ ማመልከቻዬ

በሕይወቴ የሰው ማመልከቻ ብዙ አንብቤአለሁ። ስለ ራሴ የጻፍኩት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ አንዷ ምን እንዳደረሰችብኝ ላጫውታችሁ። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ፤ እኔም አንዳንዴ ብቅ እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን በምደባ መጥቼ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ሠራተኛ ሆንኩ። አጥር የሚያጥር፣ ጣራ የሚቀይር፣ ማድ ቤት የሚቀጥል ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። አብዛኛው አያልፍም ብል ይሻላል። ማመልከቻ፣ ቴምብር፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ፕላን፤ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን መልሼ «ሲሟላ ይምጡ» እላለሁ። ሰው የምጠላ ሆኜ አልነበረም። ጉቦም አልበላሁም፤ ይህንን ዛሬም ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ። ብቻ የተሟላ ወረቀት ሳይ ደስ የሚለኝ፣ የጎደለው ሳይ ደግሞ የሚያመኝ ሰው ነበርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሲሟላ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኝ ነበር። እንዳልሰማ ሆኜ አልፋቸው ነበር።

የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። ቀድሞ የአንድ ቡና ነጋዴ ነበር፤ በትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ ሲከፋፈል የፊት ለፊቱ ክፍል ለእኔና ለባለቤቴ ለአበራሽ ደረሰን። ነጋዴው በዚያች ክፍል ውስጥ የቡና ናሙና ያይባት ኖሯል። የፍሬውን ቀለም በደንብ ለመለየት ሲል ወደ መንገዱ ሰፊ የመስታወት መስኮት አስገጥሞላታል። መንገዱ ደግሞ የገበያ መንገድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬ፣ ሙዝና ኮረሪማ የሚሸጡ ሴቶች ከመስኮታችን ሥር ይደረደራሉ።

የመጀመሪያ ልጃችን በበጋ ሚዛን ጤና ጣቢያ ተወለደና በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት አመጣነው። መስታወቱን በጋቢ ጋርደን ነበር። በአምስተኛው ቀን ሚስማሩ ከጭቃው ተነቅሎ ጋቢው ወደቀ። የጠዋት ፀሐይ በአራሷና በሕፃኑ ላይ ወረደች፤ የገበያው ሰውም አንገቱን አስግጎ አየ። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ጎረቤቱ ምች ነው አለ፤ ዓይን ነው ያለም አልጠፋም። ምን እንደነበረ እኔ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። አበራሽ ግን ጥፋቱን ከዚያ መስታወት ላይ አሳረፈች።

ሁለተኛውን ስታረግዝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ያ መስታወት በሳንቃ ካልተዘጋ እዚህ ቤት አራስ አልሆንም» አለች። «ጋቢ አይደለም ተድላ። ሳንቃ።»

አልቅሳ ብትነግረኝ አባብላት ነበር። አላለቀሰችም። እኔም ሳትወልድ አስገጥማለሁ ብዬ ማልኩላት።

መዝጊያውን ከውጭ መግጠም የማይታሰብ ነበር። ለአብዮቱ በዓል የመንገድ ዳር ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው፣ ፊታቸውን መለወጥ የሚከለክል መመሪያ ወጥቷል። መመሪያውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ያስፈረምኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ መዝጊያው ከውስጥ መሆን ነበረበት።

ዮሴፍ የሚባል የቤንች ተወላጅ አናጢ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው። መጥቶ መስኮቱን ለካና ከዋንዛ እንጨት ሁለት ተካፋች ሳንቃ እንደሚሠራ ነገረኝ። ስለ ፈቃዱ ሳነሳበት ሜትሩን እያጠፈ ቀና ብሎ አየኝ።

«አቶ ተድላ፣ የቤት ውስጥ ነገር ማን ያየዋል? ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ፣ ሐሙስ እገጥማለሁ። አለቀ።»

እውነቱን ነበር። እኔ ግን ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ውስጡም የመንግሥት ነው ብዬ ያንኑ መመሪያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ውጭ መዝጊያ አንድ ገጽ ሙሉ ይዘረዝራል፤ ስለ ውስጥ መዝጊያ አንዲት ቃል የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን አልተከለከለም ብሎ ይገጥማል። እኔ አልተፈቀደም ብዬ ተረጎምኩት።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቴምብር ለጠፍኩ፣ የመስኮቱንም ፕላን በማስመሪያ አሳምሬ ሣልኩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ዞሬ የራሴን ማመልከቻ ራሴ ተቀበልኩ፤ የገቢ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማህተም መታሁበት። በራሴ ጉዳይ ራሴ መወሰን ስለማልችል ደግሞ አስተያየት እንዲሰጥበት ለቀበሌው መራሁት። በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ኩራት ሳስታውስ ዛሬ አፍራለሁ። በገዛ እጄ ራሴን ማሰሬ አልገባኝም።

አንድ ነገር ወረቀት ላይ ከሰፈረ ውሳኔ ይፈልጋል። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። የቀበሌው ሰዎች በሕይወታቸው ለውስጥ መዝጊያ ፈቃድ የጠየቀ ሰው አይተው አያውቁምና፣ ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው አሉ። ጊዜው ደግሞ ጴንጤዎች ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ይሰበሰባሉ እየተባለ የሚፈለጉበት ነበር። ዮሴፍ ጴንጤ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የእኔ መዝጊያ የጸሎት ቤት መዝጊያ ሆኖ ይወራ ጀመር።

አሁን ስለ ማርታ ልንገራችሁ። እማማ ማርታ የዮሴፍ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። የልምድ አዋላጅ ነበሩ። ክረምት ሲገባ የሚዛን መንገድ በጭቃ ስለሚቆረጥ የከተማዋም የገጠሯም ነፍሰ ጡር ተስፋዋ እሳቸው ነበሩ። ብዙዎቹ ከሩቅ መጥተው እዚያው ቤታቸው ይወልዱ ነበር። አበራሽ ለዚያ ክረምት እሳቸውን ስታነጋግር እኔ ደነገጥኩ፤ ፊታቸውን አውቀዋለሁና። ከዚያ ቀደም ሦስት ጊዜ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ነበር። ቤታቸው መስኮት የለውም። «ለአየርና ለብርሃን ያህል በጎን ግድግዳ አንድ መስኮት ለማውጣት» ይል ነበር በማመልከቻ ጸሐፊ የተጻፈው ወረቀት። መጀመሪያ ቴምብር ጎደላቸው፣ አሟሉ። ቀጥሎ የቀበሌ ደብዳቤ ጎደላቸው፣ አመጡ። ሦስተኛ ጊዜ ፕላን የለም አልኳቸው። ለአንዲት መስኮት ፕላን ማን ይሥልልኛል ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ሲሟላ ይምጡ አልኳቸው። ከዚያ አልተመለሱም። አበራሽን ሲመረምሩ እኔን እንደ ማንኛውም ባል ሰላም አሉኝ። ረስተውኝ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ቀን ነው፣ ጳጉሜን ውስጥ። ለዘመን መለወጫ ገበያው ጢም ብሏል። ቀበሌው ለአራት ሰዓት ጠርቶኝ ነበር። አበራሽ ጠዋት ደህና ነበረች፤ ፈቃዱን ይዘህ ና ብላ ሸኘችኝ። መዝጊያው ተሠርቶ አልቆ ዮሴፍ ግቢ ተቀምጧል፤ የቀበሌውን ቃል ብቻ ነው የምንጠብቀው።

ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ሁለት አባላት ተቀምጠው ቆዩኝ። ማመልከቻዬ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የበዓሉ ዝግጅት እንቅልፍ የነሳቸው ሰው ነበሩ።

«ጓድ ተድላ፣ ሰው መስኮት የሚያወጣው ብርሃን ፈልጎ ነው» አሉኝ። «አንተ ከውስጥ የምትዘጋው ከምን ልትደበቅ ነው?»

ለአራስ ነው አልኩ። ለአራስ ጋቢ አይበቃም ወይ አሉኝ። ስለ ወደቀው ጋቢና ስለ ሞተው ልጃችን በአራት ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። ጸሐፊው እያንዳንዷን ቃል ይጽፋል። ልቤ ቢቆስልም በደንብ መጻፉን ሳይ ውስጤ ያለው የቢሮ ሰው ደስ አለው። ከዚያ አንዱ አባል መዝጊያውን ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ዮሴፍ ነው ስል እርስ በርስ ተያዩ።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ወይዘሮ ብዙነሽ በሩ ላይ ብቅ አሉ። እየሮጡ ስለመጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አበራሽን ምጥ ይዟታል፣ ማርታን ልከን አስጠርተናል አሉኝ።

ብድግ አልኩ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ዘርግተው እንድቀመጥ አመለከቱኝ።

«እንሄዳለን፤ ሁላችንም እንሄዳለን። ቃለ ጉባኤው ይፈረምና። አንተ ታውቀዋለህ፣ ያልተሟላ ነገር ትተን ብንነሳ ኋላ ያጠያይቃል።»

የእጄን አገኘሁ። ጸሐፊው ብዕሩን እየነከሰ ያንን ቃለ ጉባኤ የጻፈበት ጊዜ ከክረምቱ ሁሉ ረዘመብኝ። ጉዳዩ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መዝጊያው እንዳይገጠም፤ ተገጥሞ ቢገኝ ግን አመልካቹ ቤቱን እንዲያስረክብ ይላል። ፈረምኩና ወጣሁ።

እግሬ የወሰደኝ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ዮሴፍ ግቢ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ ልጥስ ቆርጬ ነበር። ቤቱን ይውሰዱት አልኩ። አበራሽ በዚያ መስታወት ፊት ወልዳ ይኼኛውም ልጅ አንድ ነገር ቢሆን፣ ፊቷን ቀና ብዬ የማየው እንዴት ነው? ዮሴፍን ተነስ እንግጠመው አልኩት። ማጠፊያውን ለመምታት ግማሽ ቀን እንደሚፈልግና ምጥ ላይ ያለች ሴት ባለችበት ክፍል መዶሻ እንደማይመታ ነገረኝ። እንግዲያው እኔ በእጄ ደግፌ እይዘዋለሁ አልኩ። ትንሽ አየኝና አንዱን ሳንቃ ራሱ አነሳ፣ ሌላውን ለእኔ ሰጠኝ።

ሁለታችን ሳንቃ ተሸክመን በገበያው መሐል አለፍን። የዋንዛ ሳንቃ እንዲያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያየናል፤ «ሲሟላ» ምን ሆነ የሚል ድምፅም ሰምቻለሁ። ቤት ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ወንድ አይገባም። ከውስጥ የአበራሽ ሲቃ ይሰማል። በውጭ በኩል፣ ጎደሬ የዘረጉትን ሴቶች ጥሰን ገባንና ሳንቃዎቹን መስታወቱ ላይ አቁመን በትከሻችን ደገፍናቸው። የመንገድ ዳር ቤት ፊት መለወጥ የሚከለክለውን መመሪያ ጣሰ ማለት ይኸው ነው።

ከውስጥ የማርታ ድምፅ ወዲያው መጣ።

«ማነው ብርሃኔን የወሰደብኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ተድላ» አልኩ በመስታወቱ በኩል። «ለአበራሽ ነው።»

«አንሳው ልጄ። አላይም።»

ዮሴፍ ወዲያው የያዘውን አወረደ። እኔ አላወረድኩም። ምዬላታለሁ። ሳንቃውን በደረቴ እንደደገፍኩ ቆምኩ። ቀጥሎ የሰማሁት የአበራሽን ድምፅ ነው፤ የደከመ፣ ግን የራሷ ድምፅ።

«ተድላ፣ አንሳው።»

አወረድኩት። ዞር ስል የገበያው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ያያል። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ኮረሪማ የምትሸጥ አሮጊት፣ በቋንቋዋ ለጓደኞቿ አንድ ነገር አለቻቸው። ከዚያ ተነስታ ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሌሎቹም ተነሱ። በአንድ አፍታ መስኮቴ ሥር የሴቶች ጀርባ ተሰለፈ፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ። ከሰው ዓይን ጋረዱን፤ ብርሃኑ ግን ከራሳቸው በላይ እንደ ልቡ ይገባል። ዮሴፍና እኔም ጀርባችንን ሰጥተን አብረን ቆምን።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ማርታ በለሆሳስ ያበረታታሉ። ወይዘሮ ብዙነሽ ማርያም ማርያም ይላሉ። ድንገት ማርታ ቆይ አትግፊ አሉ። «አየሁት» አሉ ማርታ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከጎኔ የቆመችው አሮጊት እጄን ያዘችኝ። ልጄ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛውን መቃብር ስቆፍር ነበር።

ሕፃን አለቀሰ። መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ የእውነት ልቅሶ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሴት ልጅ ናት። እኔ ሳንቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቆይተው ማርታ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ።

«እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለቴ ዞሮባት ነበር» አሉኝ። «ጭንቅላቷ ብቅ ሲል መልኳ ጠቆረብኝ። መጥቆሩን ስላየሁ እትብቱን ከአንገቷ ቶሎ አወጣሁላት። ጥሩ መስኮት ነው ያለህ።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። እሳቸው እጃቸውን እያሹ ቀጠሉ።

«በእኔ ቤት ቢሆን በኩራዝ ነው፤ መልክ አይለይም። እትብቱን በጣት ነው የምፈልገው። ባለፈው ጥቅምት የአንዱን ልጅ ስፈልግ ዘገየሁ።»

ውሃ ማፍሰሴን አቆምኩ። አልረሱኝም ነበር። እኔም አንድ ጊዜ የያዝኩትን ቀን የምረሳ ሰው አይደለሁም።

«ማመልከቻዎን የመለስኩት መስከረም ነበር» አልኩ።

«አዎ፣ መስከረም ነበር» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ለአራሷ ቅቤ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝና ተመልሰው ገቡ።

ያን ዕለት ከሰዓት ዮሴፍ በረጃጅም ሚስማር ጋቢውን ከመስኮቱ መቃን እንጨት ላይ ቸነከረልን። ጭቃው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ። እስከ ክርስትናዋ ድረስ አልወደቀም። አበራሽም ስለ ሳንቃው ዳግመኛ አላነሳችም።

እሑድ ጠዋት ማርታ ቤት ሄድኩ። ዮሴፍን መጥረቢያና መጋዝ አስያዝኩት፤ ሁለቱን ሳንቃዎች እኔ ተሸከምኩ። ማርታ በራቸው ላይ ቆመው አዩን።

«ፕላኑስ?» አሉኝ። ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከምድጃቸው ከሰል አንስቼ በጎን ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣልኩ። እኔ መጀመሪያ ጭቃውን መታሁ፤ ዮሴፍ ማገሩን ቆረጠ። በመጀመሪያው ቀዳዳ በኩል ብርሃን ገብቶ መደባቸው ላይ ሲያርፍ፣ ሴቶች የሚወልዱበትን ቦታ በዓይኔ አየሁት። ዮሴፍ ሳንቃዎቹን አሳጥሮ የማርታ መስኮት መዝጊያ አደረጋቸው። ከውጭ ነው የገጠማቸው።

ፈቃድ ሰጪው ራሱ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አፈረሰ ተብሎ ተከሰስኩ፤ ሐሰት የለበትም። በደመወዜ ተቀጣሁ፣ ከጠረጴዛዬ ተነስቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። የማርታን መስኮት ድፈኑ ያለ ግን አልመጣም። የሊቀመንበሩ ምራት በጥር እዚያ ቤት ወለደች።

ልጄ መዳህ ስትጀምር ለማመልከቻዬ መልስ መጣ። መዝገብ ቤት ስለነበርኩ የተቀበልኩት እኔው ነኝ። «የውስጥ መዝጊያ በመመሪያው ስላልተጠቀሰ ፈቃድ አያስፈልገውም» ይላል። የገቢ ቁጥር ሰጠሁትና ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት።

አንባቢዎቼ፣ ሕግ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላም ቴፒ ቡና እርሻ ሄጄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስሠራ የኖርኩት ከወረቀት ጋር ነው፤ ዛሬም የተዝረከረከ ፋይል ያመኛል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው የጎደለ ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ከመመለሴ በፊት ቁጭ አድርጌው፣ ይህ ባይፈቀድልህ ምን ትሆናለህ ብዬ እጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ ምንም አልሆንም ይሉ ነበር፤ እነሱን ሲሟላ ኑ እላቸው ነበር። አንዳንዱ ግን የሚናገረው ነገር ነበረው። እማማ ማርታም የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ሦስት ጊዜ ከፊቴ ቆመው፣ አንድ ጊዜ አልጠየቅኳቸውም።